እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ምድጃውን እንይ፦ የማገዶ ታሪካችን ምን ያስተምረናል?

  

ብዙ ጊዜ እዚህ ገጽ ላይ የምናወራው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ነው። ዛሬ ግን ከማሳ ወጣ ብለን ወደ ቤት እንግባ። የማወራችሁ ስለ ማገዶ ነው። «ማገዶ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ነገሥታትን ከከተማ ወደ ከተማ ያሰደደ፣ ከባሕር ማዶ ዛፍ ያስመጣ፣ የማሳችንን አፈር ያራቆተ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ አንድ በአንድ ካየነው ደግሞ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየናል። እንጨት ባጠረን ቁጥር ሌላ እንጨት ፍለጋ እንሄዳለን፤ እንጨቱን የሚበላውን ምድጃ ግን ዞር ብለን አናይም። ምድጃውን ማየት የጀመርነው በጣም ዘግይተን ነው። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጨረሻ ላይ ያለ ብዙ ወጪ ቤት ውስጥ ማገዶ የሚቆጠብባቸውን መንገዶች ዘርዝሬላችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ታሪኩን እንከተል፤ ምክሩ ለምን እንደተሰጠ የሚገባን ያኔ ነው።

ማገዶ ያንቀሳቀሳት ከተማ

በድሮ ጊዜ የንጉሡ ሰፈር አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም ነበር። ንጉሡ ሲሰፍር ወታደሩ፣ መኳንንቱ፣ አገልጋዩ፣ አጋሰሱ ሁሉ አብሮ ይሰፍራል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ይበላል፤ ለመብላት ደግሞ መጋገርና መቀቀል አለበት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዙሪያው ያለው እንጨት ያልቃል፣ ሣሩም ይጋጣል። ያኔ ሰፈሩ ይነሣና ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሰፈሩ የሚነሣው በጦርነትና በግብር ምክንያትም ነበር፤ የማገዶ ማለቅ ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መጡ፤ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወረዱ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ስሙን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከተማዋ በተለይ ከዓድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ በፍጥነት አደገች። ሰው በበዛ ቁጥር ማገዶው ራቀ። የእንጦጦ ተራራ ደን ተመናመነ፣ እንጨት ከሩቅ በሰውና በአህያ ጀርባ መምጣት ጀመረ፣ ዋጋውም ናረ።

ታዲያ ምን ታሰበ? የተለመደው ነገር ነዋ፤ ተነሥቶ መሄድ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው፣ ያኔ ደን በነበራት አዲስ ዓለም አዲስ ዋና ከተማ ለመሥራት ተጀመረ። ስሟን ልብ በሉልኝ፤ «አዲስ ዓለም»። ቤተ መንግሥት መሠራት ጀምሮ ነበር። ግን አዲስ አበባ ላይ ብዙ ቤት ተሠርቷል፣ የውጭ አገር መልእክተኞችም ቤታቸውን አንጸዋል፤ ያን ሁሉ ጥሎ መሄድ ከባድ ሆነ። በመጨረሻ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ደብሩ ዛሬም አለ።

ዋና ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ ግን የማገዶው ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። መልስ የሆነው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

ስሙ ራሱ ታሪኩን ይነግረናል፤ ባሕር ዛፍ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ዘመን ነው፤ በማስገባቱ ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ምኒልክ ችግኙ እንዲባዛና ሰው እንዲተክለው አበረታቱ።

ባሕር ዛፍ ለምን እንዲህ ተወደደ? እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቶሎ ያድጋል። ከብት ቅጠሉን አይነካውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። ብዙ የአገር በቀል ዛፎቻችን ለመድረስ የሰው ዕድሜ ሲፈጁ፣ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለአጣና ይደርሳል። በ20 እና በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች። ከተማዋ ለመሰደድ ያሰበችበት ምክንያትም ጠፋ።

ጥያቄው ግን ያን ጊዜም ተነሥቶ ነበር። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ምንጭ ያደርቃል የሚል አቤቱታ በዛ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ለሐር ትል መኖ የሚሆን ዛፍ እንዲተካበት ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ለምን? ምክንያቱም ሰው ማገዶ ያስፈልገዋል! ሌላ ምትክ ሳይሰጠው «ንቀል» ቢሉት ማን ይነቅላል? ዛሬም ማሳ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ ንቀሉ ስንል የምንሰማው መልስ ይኸው ነው፤ «እሺ፣ ታዲያ በምን ልጋግር?» ተገቢ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከተማዋ መጀመሪያ ለመሄድ አሰበች፣ ቀጥላ ዛፍ ተከለች። ሁለቱም መፍትሔ ስለ እንጨት ነው። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ሦስት ድንጋይ ተጎልቶ፣ እሳቱ በሦስት ጎን እየወጣ፣ ሙቀቱ ወደ ግድግዳና ወደ ጣሪያ ሲባክን «ይቺን ምድጃ ብናስተካክላትስ?» ተብሎ በአገር ደረጃ አልታሰበም። ማገዶውን ከተራራ ተሸክመው የሚያወርዱት ሴቶች፣ ጭሱን የሚታገሡት ሴቶች፤ ውሳኔ የሚሰጡት ግን ምድጃ አጠገብ የማይቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ነገሩን በዚህ ዓይን ሳየው መዘግየቱ አይደንቀኝም።

እኛ ገጠር ውስጥ ምን ሆነ?

ከተማው ባሕር ዛፍ ነበረው። ደጋው ገጠራችን ግን ብዙ ቦታ ላይ ሌላ መንገድ ያዘ። መሬቱ ለእርሻ ታረሰ፣ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ እንጨት ሲጠፋ ወደ ኩበት ተዞረ። እንደ ሰሜን ሸዋ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች ኩበት ዋና ማገዶ ከሆነ ቆይቷል። እበቱ ይሰበሰባል፣ ከጭድ ጋር ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ ለክረምት ይቀመጣል፣ ገበያም ይወጣል። የኩበት ክምር ያላት ሴት ባለሙያ ናት ይባላል፤ ልክ ነው፣ ሙያ ነው።

ግን የእርሻ ባለሙያ ሆኜ ሳየው ይህ ክምር ያሳስበኛል። ለምን መሰላችሁ? እበት ውስጥ ያለውን እንይ። ናይትሮጅን አለ፣ ፎስፈረስ አለ፣ ፖታሽየም አለ፤ ከእነዚህ ሌላ ደግሞ አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽ አለ። ኩበቱ ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ ብስባሹም ይነዳል። የሚቀረን አመድ ነው። አመዱ ፖታሽየም፣ መጠነኛ ፎስፈረስና የአፈርን ኮምጣጣነት የሚቀንስ ነገር አለው፤ ናይትሮጅኑና ብስባሹ ግን ተመልሰው አይመጡም።

አሁን ይህን ከማዳበሪያ ታሪክ ጋር አያይዙት። የፋብሪካ ማዳበሪያ በስፋት ለገበሬው መቅረብ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳፕና ዩሪያ፣ ቆይቶም ኤን ፒ ኤስ የሁላችንም ቋንቋ ሆኗል። ዩሪያ የምንገዛው ለምንድን ነው? ለናይትሮጅን። ምድጃ ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው? ናይትሮጅን። በአንድ እጃችን እያቃጠልን በሌላው እየገዛን ነው ማለት ነው። የማዳበሪያ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የምድጃው ጉዳይ የሴቶች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የማሳ ጉዳይ ነው፣ የኪስ ጉዳይ ነው።

የተተከለውና የተቆረጠው ደን

በደርግ ዘመን፣ በተለይ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ፣ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፣ ብዙ ችግኝ ተተከለ። በየገበሬ ማኅበሩ የማኅበር ደን ነበር፤ አባቶቻችን በዘመቻ የተከሉትን ኮረብታ ዛሬም ስሙን እየጠሩ ያሳዩናል። በከተሞች ዙሪያም ለማገዶ የሚሆን ሰፊ የባሕር ዛፍ ተክል ተተክሎ ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም።

ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያ ደን በጥቂት ወራት ውስጥ ተቆረጠ። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ብዙው ሰው ደኑን «የመንግሥት ነው» ብሎ ነበር የሚያየው፤ ጠባቂው ሲጠፋ ባለቤት አልነበረውም። ማገዶው ደግሞ በየቤቱ እንደጠፋ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ባለቤት የሌለው ዛፍ አይቆይም። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች በራሳቸው ማሳ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር እየተከሉ፣ በጥቂት ዓመት ለከሰል እየቆረጡ፣ መሬቱን መልሰው እያረሱ ሲጠቀሙ የቆዩት የራሳቸው ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ የምንተክለውና የምናነደው ካልተመጣጠነ ምንም ያህል ብንተክል አይበቃም። ቀዳዳ እንስራ እየሞላን ነው። እንስራውን ማን ይድፈነው?

ምድጃው በመጨረሻ ታየ

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ተረት ላንሣ፤ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።» ስለ ወጡ ጣዕም ልክ ነው። ስለ እንጨቱ ግን አይሠራም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ማገዶ ይቆጥባል!

ነገሩን ለመረዳት እንጀራን እናስብ። ምጣድ ከ1000 ዓመት በላይ አብሮን የኖረ ዕቃ ነው። ሰፊና ዝርግ ነው፤ ዳርና መሐሉ እኩል መሞቅ አለበት፤ አለዚያ እንጀራው መሐሉ ያርራል ዳሩ ይነጫል። ሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ እሳቱ በየጎኑ ያመልጣል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ብዙው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ ይሄዳል። ለዚህ ነው በአገራችን ከአንድ ቤተሰብ ማገዶ ግማሽ የሚሆነው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በእንጀራ ጋገራ ያልቃል ተብሎ የሚገመተው። ስለዚህ ማገዶ ልንቆጥብ ካሰብን መጀመሪያ መታየት ያለበት ምጣዱ ነው።

በትግራይና በኤርትራ ሞጎጎውን ዙሪያውን በጭቃና በድንጋይ ገንብቶ መክበብ የቆየ ልማድ ነው። እሳትን የመክበብ ዕውቀት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሁለት ምድጃዎች አወጡ። አንደኛዋ «ላቀች» ናት፤ ለከሰል የምትሆን፣ ውስጧ ሸክላ የሆነ፣ የኬንያዎችን የከሰል ምድጃ አይቶ የተሠራች። ከተለመደው የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ ጋር ስትነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ሁለተኛው «ምርጥ» ምድጃ ነው፤ ለእንጀራ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ከቀይ አሸዋም ይሆናል) በቅርጽ ማውጫ ተደርጎ ይሠራል። ስድስት ክፍል አለው፤ አራቱ ተገጣጥመው እሳቱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ የጭስ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እሳቱ በዙሪያ ማምለጫ የለውም። ማገዶ የሚገባው በአንድ አፍ ብቻ ነው። ጭሱ ከኋላ ስለሚወጣ ነበልባሉን በምጣዱ ሥር ሁሉ እየሳበ ያሳልፈዋል። ሊወጣ ሲል ደግሞ ከኋላ የተጣደውን ድስት ያገኘዋል፤ እየተጋገረ ውሃ ይፈላል፣ ወጥ ይሞቃል። በዚህ ምክንያት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በጀርመን የልማት ድርጅት እገዛ በየወረዳው አምራቾች ሠልጥነው ተስፋፋ። ከሸክላ የሚሠራው «ጎንዚዬ»ና ለድስት የሚሆነው «ትክክል» ምድጃም ተከትለው መጡ።

ታዲያ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን በየቤቱ የለም? እውነቱን እንነጋገር። ከባድ ነው፤ በገደልና በጭቃ መንገድ ሲጓጓዝ ይሰበራል። ገንዘብ ያስወጣል። እንጨት «በነጻ» በሚገኝበት ቦታ ደግሞ «ምን አስወጣኝ?» ይባላል። ከሁሉ በላይ ግን ምድጃውን የምትፈልገው እናት ናት፤ የገበያውን ብር የሚይዘው አባት ነው። በነጻ ተሰጥቶ ደጅ ላይ ዶሮ የሚሰፍርበት ምድጃም አይተናል፤ ቀድሞ አሠራሩ ለምትጋግረው ሰው ሳይነገር ስለተሰጠ ነው።

«በነጻ» የሚለውን ቃል ደግሞ እናስላው። እንበልና አንዲት እናት በሳምንት 2 ሸክም እንጨት ታነዳለች፤ ለአንድ ሸክም ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። በዓመት 104 ሸክም፣ 52 ቀን ማለት ነው። ምድጃው ግማሹን ቢቆጥብ 26 ቀን ተረፈ። አንድ ወር ሊሞላ ምን ቀረው? በአረምና በአጨዳ ወቅት 26 ቀን ስንት እንደሚያወጣ እናንተው ፍረዱ። ልጅቷ እንጨት ለቀማ ስትሄድ የሚያልፋትን ትምህርት፣ ሕፃኑ በጭስ ሲስል ለሕክምና የሚወጣውንም ጨምሩበት። የምድጃ ጭስ ለሕፃናት የሳንባ ምች አንዱ ምክንያት ነው።

ከእበት ሁለቱንም ማግኘት

ሌላም መንገድ አለ፤ ባዮጋዝ። ይህም አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ባዮጋዝ በአገራችን የተሞከረው በ1950 ዓ.ም. ገደማ አምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ነው። በስፋት የተሞከረው ግን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ሥራ ሲጀምር ነው።

እበትና ውሃ እኩል ይቀላቀላሉ፣ ከመሬት በታች በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ አየር ሳያገኙ ይብላላሉ፣ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ለወጥ፣ ለቡናና ለመብራት ይሆናል። ለእንጀራ ብዙ ጋዝ ስለሚፈልግ በተለመደው መጠን ያስቸግራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ናይትሮጅኑ አይነድም። ተብላልቶ የሚወጣው ዝቃጭ ማሳ ላይ የሚውል ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ከአንድ እበት ማገዶውንም ማዳበሪያውንም ታገኛላችሁ ማለት ነው።

ለሁሉም ይሆናል ወይ? አይሆንም። አራት ያህል ከብት፣ በየቀኑ በቅርብ የሚገኝ ውሃ፣ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ውሃ ሩቅ ከሆነ፣ ከብቱ በረት ካላደረ ቢቀር ይሻላል። ይህ ሁሉ የተሟላለት ሰው ግን የወረዳውን የኢነርጂ ባለሙያ ያነጋግር።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ከታሪኩ የተማርነው ምድጃውንና አነዳዱን ማየት ነው። ብዙዎቹ የሚከተሉት ነገሮች ገንዘብ አያስወጡም።

1. እንጨቱን ፍለጡና አድርቁ። እርጥብ እንጨት ሲነድ መጀመሪያ ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ ለማትነን ነው፤ ጭሱም ከዚያ ነው። በበጋ ተፈልጦ ጣሪያ ሥር ይደርደር፤ ክረምቱን ያሳልፋችኋል።

2. እንጀራ በአንድ ጊዜ ጋግሩ። ምጣዱ መጀመሪያ እስኪሞቅ የሚበላው ማገዶ ብዙ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጋገር ይሻላል። ሁለት ጎረቤታሞች ተራ በተራ በአንድ የጋለ ምጣድ ቢጋግሩ ደግሞ የበለጠ ነው።

3. የቀረውን ሙቀት አትጣሉት። ጋገራው ሲያበቃ በትኩስ ምጣድ ቆሎ ቁሉበት፣ በምድጃው ሙቀት የእግር መታጠቢያ ውሃ አሙቁበት።

4. ባቄላ፣ ሽንብራና አተር ከማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። የመብሰያ ጊዜው በጣም ያጥራል።

5. ድስት ይከደን። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱት፤ ውሃ አንዴ ከፈላ እሳት ቢጨመርበት በብዛት ይተናል እንጂ ወጡ ቶሎ አይበስልም።

6. ምርጥ ምድጃ ለመግዛት አቅም ባይኖር እንኳ ጉልቻውን በጭቃና በድንጋይ ክበቡት። አንድ የማገዶ አፍ፣ አንድ የጭስ መውጫ ተዉለት። ጭቃው ላይ ጭድ ጨምሩበት፤ ሲሰነጠቅ መርጉት። እንደ ምርጥ ባይሆንም ከሜዳ እሳት ይሻላል።

7. ሥራ ሲያልቅ እሳቱን አጥፉ። የተረፈው ጉማጅ በአመድ ወይም በአፈር ይዳፈን፤ ለነገ ይሆናል። ቤታችሁንም ከእሳት አደጋ ትጠብቃላችሁ።

8. አመድ አትድፉ። በደረቅ ቦታ አጠራቅማችሁ ጓሮ አትክልት ላይ በትኑት። ከዩሪያ ጋር ግን በአንድ ላይ አትቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ በአየር ይባክናል።

9. ከሰል የምታከስሉ ካላችሁ ይህን አስቡ፤ በባህላዊው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ቢሆን ነው። ለራስ ቤት ከሆነ እንጨቱን ራሱን በተከበበ ምድጃ ማንደድ ይሻላል።

10. መብራት የገባላችሁ ደግሞ አምፖሉን እዩ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 9 ዋት ያህል የሚወስድ ኤልኢዲ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ «በአንድ ጊዜ ጋግሩ» የሚለው ምክር ለእርሱም ይሠራል። መብራት ያልደረሰበት ቤት ከኩራዝ ወደ ሶላር ፋኖስ ቢዞር የጋዝ ወጪና ጭስ ይቀርለታል።

ዛፍ መትከሉስ? አይቅር! ነገር ግን ባሕር ዛፍን ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከሰብል ማሳ አርቃችሁ፣ ለእርሻ በማይሆን ተዳፋት ላይ ትከሉት። ጓሮ ዳር ግራቪሊያ፣ እርከን ላይ ሳስባንያና ትሪ ሉሰርን ብትተክሉ ማገዶም መኖም ታገኛላችሁ። በምድጃ በኩል በምትቆጥቡት ልክ ደግሞ እበቱ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይሂድ። መጀመሪያ ሁሉንም ካልሆነ ቢያንስ የጓሮውን ያህል።

ለአባቶቼና ለወንድሞቼ

በእድሜ ከእናንተ አንሳለሁ፤ እንደ ልጅ ሆኜ ነው የምለምናችሁ። ይህን ጽሑፍ በስልክ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወንዶች ናችሁ። ምድጃው ያለው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለባለቤታችሁ፣ ለእናታችሁ አንብቡላቸው። «የትኛው ይሠራል? የትኛው አይሠራም?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ምርጥ ምድጃ ይገዛ ከተባለም የበሬ ቀንበር እንደምትገዙት አስቡት፤ ለማሳው የሚውል ዕቃ ነው።

አንድ ከተማ በማገዶ ምክንያት ሊሰደድ ተነሥቶ ነበር። እኛ ግን ማሳችንን ተሸክመን የምንሄድበት «አዲስ ዓለም» የለንም። መሬቱ ይኸው ነው፣ እበቱም ይኸው ነው። የሚለወጠው ምድጃው ነው።

ምድጃ ሠርታችሁ ያያችሁትን ለውጥ፣ ያስቸገራችሁንም ነገር ጻፉልኝ፤ ድምፅ ብትልኩም እሰማለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ የኮምፖስት ጉድጓድ አሠራር ይዤ እመጣለሁ።

መልካም የምርት ዘመን! ሰላም ሁኑልኝ።